እማማን ይዞ የሰሜን ብርሃን ፍለጋ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«የምኖረው ስቶክሆልም ነው። እናቴ በሚቀጥለው የበረዶ ወቅት ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ይመጣሉ። ቪዛቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው። እሳቸው፣ እኔ፣ ባለቤቴና የ8 ዓመት ልጃችን ሆነን ለ9 ቀን ወደ አርክቲክ መውጣት አስበናል። ዋናው ፍላጎታችን የሰሜን ብርሃንን ማየት ነው። ትሮምሶ፣ ሮቫኒየሚ፣ ስቫልባርድ ሲባል እሰማለሁ። ባለቤቴ ስቫልባርድ ካልሄድን ብሏል። አንተ ብትሆን የት የት ትወስደን ነበር? መቼስ ይሻላል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ መልሱን፣ ከዚያ ምክንያቱን። ከስዊድን ኪሩና አንድ ሌሊት፣ አቢስኮ አራት ሌሊት፣ ከኖርዌይ ትሮምሶ ሦስት ሌሊት። በቃ። ስቫልባርድን ለዚህኛው ጊዜ ተዉት። ባለቤትሽ ቅር ይለው ይሆናል። ቀጥሎ ያለውን ካነበበ ግን ራሱ ይተወዋል።

ስቫልባርድ የኖርዌይ ናት፣ ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚዞሩበት የአውሮፓ አገሮች ክልል) ውስጥ ግን የለችም። እናትሽ ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ ወደ ስቫልባርድ ከተማ ወደ ሎንግየርቢየን ሲሳፈሩ የፓስፖርት ቁጥጥር ያልፋሉ፤ ከሸንገን እንደወጡም ይመዘገባል። ቪዛቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ያቺ አንዷ ጊዜ እዚያው አለቀች። ከደሴቲቱ የሚነሳው መደበኛ በረራ ደግሞ ወደ ኖርዌይ ነው። ተመልሰው መግባት የማይችሉበት አገር ማለት ነው። ሰው የሚሳሳተው ደሴቲቱ ራሷ ለማንም ቪዛ ስለማትጠይቅ ነው። በ1920 የተፈረመው ውል ያመጣው ነገር ነው። «ቪዛ አያስፈልግም» የሚለውን አንብቦ ይቆርጣል። አንድ ቤተሰብ አያታቸውን ትሮምሶ ሆቴል ትተው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ትኬቱ አይመለስም፣ አያት አይገቡም። አያት ደግሞ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እጸልያለሁ» ብለው ቁጭ። እንዲህ ያለ ጉዞ ማንን ያስደስታል?

ስዊድን፣ ኖርዌይና ፊንላንድ ዋናው ምድራቸው ሁሉም ሸንገን ነው። በነሱ መካከል እንደልባችሁ ተመላለሱ። ፓስፖርት ግን ከኪስ አይውጣ።

አሁን ወደ ጊዜው። «ክረምት» የሚለውን ቃል እኔ በዚህ በአስጎብኚነት ሥራ ላይ ትቼዋለሁ። አንድ ደንበኛ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ክረምት ላይ እረፍት አለኝ፣ ብርሃኑን ልየው» አለኝ። እሺ አልኩት። ለካስ የሐምሌ ትኬት ነው የያዘው። በሐምሌ እዚህ በቅጡ አይጨልምም። ሌሊት የለም፣ ሌሊት ከሌለ ደግሞ ብርሃኑ አለ እንኳ አይታይም። ስለዚህ ወሮቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በኛ እጠራልሻለሁ።

ብዙ ሰው ዲሴምበርን ይመርጣል። ጨለማው በረዘመ ቁጥር ብርሃኑ ይበዛል ብሎ ያስባል። ልክ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ትሮምሶ ላይ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የምታይው ሰማያዊ ድንግዝግዝ ነው። ለሁለት ሦስት ቀን ያምራል። ከዚያ ልጅ ይነጫነጫል፣ ትልቅ ሰው እንቅልፉ ይዛባበታል። ለኛ ለሐበሾች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሰዓታችን የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጣት ነው። ፀሐይ ካልወጣች «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» ምን ማለት ነው? አንድ እንግዳዬ አራት ቀን ሙሉ ሰዓቱን ሲጠይቀኝ ከረመ።

እኔ የምመርጠው ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ ያለውን ነው። ቀኑ ዘጠኝ አሥር ሰዓት ይደርሳል። በረዶው ወፍራም ነው። ሐይቁ ጠጥሯል። ሌሊቱም ለብርሃኑ ይበቃል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ማለትም በማርችና በሴፕቴምበር፣ የምድርና የፀሐይ መግነጢሳዊ መስኮች አቀማመጥ ስለሚገጥም ብርሃኑ በርከት ይላል። ለናንተ ደግሞ ቀኑ ራሱ ተመርጧል፦ ሳምንት 9፣ የዓመቱ ዘጠነኛው ሳምንት። የስቶክሆልም ትምህርት ቤቶች «ስፖርትሎቭ» ብለው የሚዘጉበት እረፍት ነው። አርብ ማታ ከተሳፈራችሁ እስከሚቀጥለው እሑድ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላችሁ። ችግሩ ስቶክሆልም ሙሉውን በዚያው ሳምንት ነው የሚወጣው። መኝታው ቶሎ ያልቃል። ገና መኸር ላይ ያዢ።

ለምን አቢስኮ? ይህን ትንሽ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ጠቅላላው ጉዞ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የሰሜን ብርሃን ፀሐይ የምትረጨው ቅንጣት ወደ ምድር መጥቶ ከአየራችን ጋር ሲጋጭ የሚፈጠር ነው። አረንጓዴው ከኦክስጅን ነው፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። ደመና ያለው ደግሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ላይ ድግስ ቢሆንም ታች ደመና ካለ ከድግሱ ውጭ ነሽ። ሰዎች ስልካቸው ላይ የብርሃኑን ጉልበት የሚያሳየውን ቁጥር ሲያሳድዱ ይውላሉ። ቁጥሩ 2 ሆኖ ሰማዩ የጠራ ከሆነ በዚህ ኬክሮስ ታያለሽ። ቁጥሩ 6 ሆኖ ደመና ከሆነ ሆቴል ገብተሽ ተኚ። ይቺን ብቻ ብትይዢ ከብዙ ጣጣ ትድኛለሽ።

ደመናው የሚመጣው ከአትላንቲክ ነው። መጥቶ የኖርዌይን ተራሮች ሲወጣ እዚያው ያዘንባል፣ ወደ ስዊድን ሲሻገር ባዶውን ነው። አቢስኮ ከተራራው ጀርባ ነው ያለው። በዓመት 300 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብና በረዶ ብቻ ያገኛል፤ ከስዊድን ደረቅ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ ዙሪያው በሙሉ ተዘግቶ ሐይቁ ላይ ብቻ ቀዳዳ ይከፈታል። የአገሩ ሰዎች «ሰማያዊው ቀዳዳ» ይሉታል። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ይህን አላውቅም ነበር። አራት ጓደኞቼን ትሮምሶ ወስጄ አምስት ሌሊት ሙሉ ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ሲወርድብን ከረምን። አንዱ ጓደኛዬ እስከዛሬ «የሰሜን ደመና» እያለ ይቀልድብኛል።

ሐይቁ ቶርኔትረስክ ይባላል። 70 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከጣና ርዝመት ብዙም አያንስም፣ ስፋቱ ግን ጠባብ ነው። በፌብሩዋሪ የበረዶ ሞተር ይሄድበታል። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ከማረፊያችሁ ወጥታችሁ ሐይቁ ዳር ቁሙ። መኪና አያስፈልግም። «ብርሃን አሳዳጅ» የሚባል ጉዞ መክፈልም የለባችሁም። ሲበርዳችሁ ገብታችሁ ሻይ ጠጡ፣ እንደገና ውጡ። እናትሽ በመስኮት እያዩ ቁጭ ቢሉም ይቻላል፣ መብራቱን ማጥፋት ብቻ ነው። በስተደቡብ ሁለት ተራሮች መሐል እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተቆረጠ ሸለቆ ታያላችሁ። ላፕፖርተን ነው። ብርሃኑ ብዙ ጊዜ በሱ ላይ ተሻግሮ ይዘረጋል።

አንድ ነገር ግን ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ፎቶ ላይ የምታይው አረንጓዴ በዓይን ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። በጨለማ ቀለም የሚለየው የዓይናችን ክፍል በደንብ አይሠራም፤ ካሜራው ግን ብርሃን ያጠራቅማል። አንድ ጊዜ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የጎንደር ሴት፣ የደንበኛዬ እናት፣ ሐይቁ ዳር ይዤ ቆሜ ነበር። ሰሜን ላይ አንድ ግራጫ መስመር ብቅ አለ። እኔ ደስ ብሎኝ «ያውላችሁ እማማ!» አልኩ። አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ ይኼን ጭስ ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ ያስመጣኸኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሩቅ ጎጆ ጭስ ነው የሚመስለው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየን። ልጃቸው «እንግባ» ማለት ጀመረ። ያኔ ጭሱ መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ። እንደ መጋረጃ እየተጣጠፈ ወደ አናታችን መጣ፣ ታችኛው ጠርዙ ሐምራዊ ሆኖ ሮጠ። እማማ አንገታቸውን ቀና አድርገው ዝም አሉ። ከብዙ ዝምታ በኋላ «ድምፅ የለውም?» ብለው ጠየቁኝ። የለውም አልኳቸው። «እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ድምፅ አይኖረውም» አሉና ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጨበጡት።

አራት ሌሊት የምልሽ ለዚህ ነው። በአንድ ሌሊት ዕድል ነው። በአራት ሌሊት ዕድሉ ወደናንተ ያዘነብላል። ዋስትና የሚሰጥሽ ካለ ግን ሸሺው።

ቀን ቀን ምን ይሠራል? ልጅሽን በውሻ ሸርተቴ አስሄዱት። ውሾቹ ፊልም ላይ እንዳሉት ትልልቅ አይደሉም፤ ቀጫጭን ናቸው። ከመነሳታቸው በፊት ያለው ጩኸት የጉድ ነው፣ ሃያው ሠላሳው በአንድ ላይ ይጮሃል፣ ገመዱን በጥርሱ የሚነክስም አለ። መሪው ማቆሚያውን ከበረዶው ነቀል ሲያደርግ ጩኸቱ እንደ ራዲዮ ጥርቅም። ከዚያ የምትሰሚው የሸርተቴውን ፍጭት ብቻ ነው። እናትሽም መቀመጥ ይችላሉ፤ በቆዳ ተጠቅልለው ነው የሚሄዱት። ወገባቸውን ካመማቸው ግን ይቅርባቸው፣ መንገዱ ይነጥራል። ሽታውንም አስጠንቅቂያቸው። ውሻ እየሮጠ ነው ጉዳዩን የሚጨርሰው።

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ። አርብ ማታ ከስቶክሆልም የሌሊት ባቡር ያዙ። አውሮፕላን ይፈጥናል፣ ግን ለእናትሽ ባቡሩ ራሱ ጉብኝት ነው። ጫካ፣ በረዶ፣ ጫካ፣ በረዶ። ጠዋት ሲነሱ የዋልታውን ክብ ወደ ማለፉ ትቃረባላችሁ። ቅዳሜ ኪሩና ውረዱ።

ኪሩና እንግዳ ከተማ ናት። ከሥሯ ያለውን ብረት ቆፍረው ቆፍረው መሬቱ መሰንጠቅ ስለጀመረ ከተማዋን ወደ ምሥራቅ እያዛወሯት ነው። አዲሱ መሐል ከተማ በ2022 ተመረቀ። በኦገስት 2025 ደግሞ ከ1912 ጀምሮ የቆመውን ቀዩን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን፣ 672 ቶን ሙሉውን፣ ሳይፈርስ በተሽከርካሪ ላይ ጭነው 5 ኪሎ ሜትር ወሰዱት። ሁለት ቀን ፈጀ። ቅርጹ የሳሚዎችን፣ የዚያ አገር ነባር ሕዝብ፣ ጎጆ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው። እናትሽ በጣም የሚወዱት ታሪክ ይህ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የት አይተው ያውቃሉ?

ከኪሩና ጥቂት ወጣ ብሎ ዩካስየርቪ ነው። የበረዶ ሆቴሉ እዚያ ነው። ከ1989 ጀምሮ በየዓመቱ ይሠራል፣ በጸደይ ይቀልጣል። በረዶው የሚቆረጠው ከቶርኔ ወንዝ ነው። ወንዙ ደግሞ የሚነሳው በማግስቱ ከምትቆሙበት ከዚያው ከቶርኔትረስክ ሐይቅ ነው። ቀን ገብታችሁ ጎብኙ፣ ልጅሽ ይደሰታል። ማደር ግን ለናንተ አልመክርም። ክፍሉ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ዋጋው ደግሞ ትኩስ ነው። ሌሊት ሽንት ቤት መሄድ ያለበት ትልቅ ሰው ካለ ደግሞ አስቢው።

እሑድ ወደ አቢስኮ። በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። በጎናችሁ የብረት ማዕድን ባቡር ሲያልፍ ልጅሽ ፉርጎ ይቁጠር። 68 ነው። 750 ሜትር ይረዝማል። የብረቱ መድረሻ የኖርዌዩ ናርቪክ ነው፤ በሞቃቱ የባሕር ሞገድ ምክንያት ወደቡ አይጠጥርም፣ ሐዲዱም ከመቶ ዓመት በፊት የተዘረጋው ለዚሁ ነው። ሐሙስ እናንተም በዚያው ሐዲድ ወደ ናርቪክ ትወርዳላችሁ። በስተቀኝ መስኮት ያዙ። ባቡሩ ተራራውን አቋርጦ በተራሮች መሐል ወደ ገባው የባሕር ክንድ፣ ፊዮርድ ወደሚሉት፣ ሲወርድ ያለው አንድ ሰዓት፣ በዚህ ጉዞ ውስጥ ስልክ የማይነካበት ሰዓት ነው።

ከናርቪክ ትሮምሶ አውቶቡስ አለ፣ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ትሮምሶን ሰድቤያት አለፍኩ እንዳትይ፣ ከተማዋን እወዳታለሁ። ካፌ አለ፣ ሙዚየም አለ፣ ከዋልታው ክብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ብትሆንም ብርዱ ለስላሳ ነው፤ ጃንዋሪ ላይ አማካዩ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ አካባቢ። ኪሩና ከዜሮ በታች 25 ስትሆን ትሮምሶ ላይ ጭቃ ልታገኚ ትችያለሽ። ቀኑ ሲጠራ በገመድ መኪናው ወደ 421 ሜትር ውጡ፣ ከተማው ከደሴቱ ጋር ከሥራችሁ ይነጠፋል። ከድልድዩ ማዶ ያለው ባለሦስት ማዕዘን ነጭ ቤተ ክርስቲያን በ1965 የተሠራ ነው፤ ከውስጥ ከውጭ የበለጠ ያምራል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ስለ ትሮምሶ። አንደኛው ስለ ዓሣ ነባሪ። ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ተከትለው ገዳይ ዓሣ ነባሪዎችና ትልልቆቹ ሃምፕባክ ወደ ሸርቮይ አካባቢ የሚመጡት ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ነው። እናንተ በምትሄዱበት ሳምንት ሄደዋል። ማስታወቂያው ላይ ዓሣ ነባሪው እየዘለለ ቢያሳይሽም ቀኑን ጠይቂ። ሁለተኛው፣ የማታውን የብርሃን አሳዳጅ ሚኒባስ ይመለከታል። መሪዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ ደመናውን ለመሸሽ እስከ ሺቦትን፣ አንዳንዴም ድንበር ተሻግረው ፊንላንድ ኪልፒስየርቪ ድረስ ይነዳሉ። ግን ስድስት ሰባት ሰዓት መንገድ ነው። ልጅ ተኝቶ፣ እማማ ተሰላችተው፣ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የምትገቡት። አቢስኮ ላይ ካያችሁ ይህን ገንዘብ አውጥታችሁ አትድከሙ። ይልቅ ጥሩ ዓሣ ብሉበት። በዚያ ወቅት ከባሬንትስ ባሕር ሊራባ የሚመጣው ኮድ፣ እነሱ ስክሬይ የሚሉት፣ በወቅቱ ነው የምትደርሱበት።

የፊንላንዷን ሮቫኒየሚን በአንድ አንቀጽ። ለትንሽ ልጅ የገና አባት መንደር ደስ ይላል። ከተማው ግን በ1944 ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ አቃጥለውት እንደ አዲስ የተሠራ ነው፣ ብዙ የሚታይ የለውም። ከአቢስኮ ደግሞ ቀጥታ ባቡር የለም። ፊንላንድን ከፈለጋችሁ ሌላ ዓመት ከዚያ ወደ ሰሜን አልፋችሁ ኢናሪ ሂዱ። ሲዳ የሚባለው የሳሚዎች ሙዚየም ብቻ መንገዱን ያስረሳል።

ሳሚዎችን ካነሳሁ፣ ቀኑን ወደ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ማምጣት ብትችሉ ኖሮ የስዊድኗን ዮክሞክ እልሽ ነበር። ከ1605 ጀምሮ የሚቆም ገበያ ነው። በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሐሙስ ይጀምራል፣ ሦስት ቀን። ባቡሩ ሙርየክ ጣቢያ ያወርድሻል፣ ከዚያ አውቶቡስ። ብርዱ ከዜሮ በታች 30 መድረሱ ብርቅ አይደለም፤ እስከ 40ም ይወርዳል። ቆዳ፣ ቀንድ፣ ቢላዋ፣ የደረቀ ሥጋ፣ ሬንዲር የሚሉት የበረዶ አጋዘን በከተማው መሐል ሲነዳ። እኔ እዚያ ስገባ የልጅነቴ የቅዳሜ ገበያ ነው የሚሸተኝ፤ በረዶ ለብሶ። የትም ሳሚ ስታገኙ ግን አንድ ነገር አትጠይቁ፦ «ስንት ሬንዲር አለህ?» አይባልም። ባንክ ውስጥ ስንት አለህ እንደማለት ነው። ፈረንጆቹ ይህን ለመረዳት ይቸገራሉ፣ እናትሽ ግን ወዲያው ነው የሚገባቸው። የኛስ ባለከብት ከብቱ ሲቆጠርበት ይወዳል እንዴ? «ላፕ» የሚለውንም ቃል ተዉት፣ ስድብ ነው።

ስለ ልብስ። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ገንዘብ በማይረባ ነገር ያጠፋል። ለእናትሽ አዲስ የበረዶ ልብስ አትግዢ። አብዛኞቹ የጉዞ አዘጋጆች ወፍራሙን ቱታና ጫማ ያውሳሉ ወይ ያከራያሉ። የምትገዢው ከሥር የሚለበሰውን ነው፤ እሱም ሱፍ ይሁን። ከላይ እስከ ታች ስስ የሱፍ ልብስ፣ በላዩ ወፈር ያለ ሱፍ፣ በላዩ ንፋስ የማያስገባው። ጥጥ ከገላ ጋር አይነካካ። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ይይዛል፣ ስትቆሚ በገላሽ ላይ ይቀዘቅዛል። ጋቢም ጥጥ ነው። እናትሽ ጋቢያቸውን ካልያዝኩ ማለታቸው አይቀርም፤ ያምጡት፣ ባቡር ውስጥ ይሞቃቸዋል። ውጭ ከቱታው በላይ ከሆነ ችግር የለውም፣ ከሥር ነው የማይሆነው።

ጫማው በአንድ ቁጥር ይብለጥ። ሰው ሁለት ሦስት ካልሲ ጠቅጥቆ እግሩን ያንቃል፣ ደም ካልዞረ ደግሞ እግር ይበርደዋል። ጓንት አራቱ ጣቶች አብረው የሚገቡበት ይሻላል። የጆሮ ጌጥ ይውለቅ፣ የብረት መስቀልም ከልብስ ሥር ከሱፉ በላይ ይሁን፤ ብረት ብርዱን ወደ ቆዳ ያስገባል። ለአንቺም ለእማማም የሱፍ ቆቡ ጸጉር ይሰባብራል፣ ከሥር ስስ የሳቲን ሻሽ እሰሩ። ስልክ ደረት ኪስ ውስጥ፣ ገላ አጠገብ። ውጭ ስታወጪው 60 ከመቶ የነበረው ባትሪ ድንገት ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ከብርዱ ይልቅ የምፈራው መንሸራተትን ነው። ከተማ ውስጥ፣ በተለይ ትሮምሶ፣ በረዶው ቀልጦ እንደገና ሲጠጥር አስፋልቱ መስታወት ይሆናል። ጫማ ላይ የሚታሰር ባለጥርስ ጎማ አለ፣ የትኛውም የስፖርት ሱቅ ይሸጠዋል። ለእናትሽ ገና ከስቶክሆልም ሳትነሱ ግዢ። አስም ወይ የልብ ነገር ካለባቸው ደረቁ ብርድ ስለሚከብድ ሐኪም ያማክሩ። ከፍታው አያሳስብሽ፤ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አቢስኮ ቆላ ነው።

ምግብ። እንደ ዓመቱ ሁዳዴ ሊገባባችሁ ይችላል። ስዊድንና ኖርዌይ ላይ «የጾም» ብለሽ አትድከሚ፣ «ቬጋን» በይ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሁሉም ይገባቸዋል። አቢስኮ ላይ እንግዳ ራሱ የሚያበስልበት ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ምረጡና ሽሮ ዱቄትና በርበሬ ያዙ። ሱቁ ትንሽ ነው፣ ሽንኩርትና ዘይት ግን አይጠፋም። እኔ አንድ ምሽት እዚያ ሽንኩርት ሳቁላላ ሁለት ጀርመኖች ድስቱ ላይ መጥተው ቆሙ። የነሱ እራት ከፓኬት የወጣ ሾርባ ነበር። እንጀራ አልነበረንም፣ ጠፍጣፋውን የስዊድን ቂጣ በሽሮ በላነው። ተገቢ አይደለም፣ ግን ይበላል።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን። ስቫልባርድን ንቄ አይደለም። እኔን ብትጠይቂኝ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። 78 ዲግሪ ላይ ያለ፣ ሆቴል ስትገቢ እንደ ሰው ቤት ጫማ የሚያስወልቅ ከተማ፤ ከከሰል ማዕድን ዘመን የቀረ ልማድ ነው። ከከተማው ወጥታችሁ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ነጭ ድብ አለ፣ የታጠቀ መሪ ያዙ። ተራራው ውስጥ የተቆፈረው የዓለም የዘር ማከማቻ በ2008 ነው የተከፈተው፤ ዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ከኛ አገር የተሰበሰበ ገብስም እዚያ አለ። ጎብኚ አያስገቡም፣ በሩን ከውጭ ታያላችሁ። እኔ በሩ ፊት ቆሜ ስለ ገብሱ ሳስብ እንግዶቼ ፎቶ አንስተው ጨርሰው ነበር።

ሁለታችሁ ብቻ፣ ልጁን እማማ ጋር ትታችሁ፣ በማርች 8 ሰሞን ሂዱ። ከኦክቶበር ጀምሮ ያልታየችው ፀሐይ ተራራውን አልፋ ከተማው ላይ የምታርፈው ያን ቀን ነው። ሕዝቡ፣ ሕፃናቱም ፊታቸውን ቢጫ ቀብተው፣ አሮጌው ሆስፒታል ደረጃ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቃታል። አንቺና ባለቤትሽ የስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ ተመልሶ መግባቱ አያስቸግራችሁም፣ ካርዱንና ፓስፖርቱን ብቻ አትርሱ።

በመጨረሻ አንድ የትኬት ነገር። የሌሊት ባቡሩ መኝታ ክፍል ሦስትም ስድስትም አልጋ ያለው አለ። ስትቆርጪ ለእናትሽ የታችኛውን አልጋ ምረጪ። ላይኛው በመሰላል ነው የሚወጣው። ልጅሽ ላይኛውን ካልሰጣችሁኝ ብሎ መጣላቱ አይቀርም።